ከመድኃኒት መስኮት ወደ ኢ-መጽሐፍ ገበያ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሥራ ባልደረቦቼ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ከሰዓት ጋር ስሽቀዳደም ለኖርኩ ሴት ሰዓት መስጠት ምን የሚሉት ሽልማት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም፤ አመስግኜ ተቀበልኩ። በሳምንቱ ቤት መቀመጥ ሰለቸኝ። በሁለተኛው ሳምንት ባለቤቴን ታደሰን፣ እሱም ጡረታ የወጣ መምህር ነው፣ የደም ግፊት መድኃኒቱን እንዴት እንደሚውጥ ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። «አንቺ ሴትዮ፣ ወይ አንቺ ሥራ ፈልጊ፣ ወይ እኔ ሌላ ቤት ልፈልግ» አለኝ። እኔም መጽሐፍ መጻፍ ጀመርኩ።

የጻፍኩት ስለማውቀው ነገር ነው፤ ስለ መድኃኒት አያያዝ። በጋምቤላ ሙቀት ሽሮፕ የት እንደሚቀመጥ፣ ከጎረቤት የተረፈ ክኒን ለምን እንደማይዋጥ፣ ለተቅማጥ የሚሰጠው ዱቄት በስንት ውኃ እንደሚበጠበጥ፣ ነፍሰ ጡር ምን መውሰድ እንደሌለባት። ሰማንያ ገጽ ወጣው። ማሳተሚያውን ስጠይቅ የተነገረኝን ዋጋ ሰምቼ አፌን ይዤ ቀረሁ። እንግዲያው በስልክ የሚነበብ ኢ-መጽሐፍ ይሁን አልኩ። መጻፉ ስድስት ወር ፈጀብኝ። መሸጡ ግን ለካ ሌላ ሙያ ነው! ለዚያ ሙያ የሚሆነኝን ትምህርት ደግሞ ሳላውቀው በመድኃኒት መስኮት ላይ ወስጄዋለሁ። ስለዚህ ከመስኮቱ ልጀምር።

የመቱ ልጅ ነኝ። በሃያ አራት ዓመቴ በድራጊስትነት፣ በመድኃኒት አዳይነት ማለት ነው፣ ተመርቄ የሥራ ምደባ እጣ ሲወጣ ጋምቤላ ደረሰኝ። እናቴ «በሙቀት ልትሞትብኝ ነው» ብላ አለቀሰች። ሙቀቱስ አልገደለኝም፤ ሊገድለኝ የነበረው የሆስፒታሉ የመድኃኒት ክፍል ኃላፊ የአቶ ኦሞድ ዝግታ ነው። አቶ ኦሞድ አኙዋ ናቸው። ረጅም ከመሆናቸው የተነሳ ነጭ ጋዋናቸው ከጉልበታቸው በላይ ይቀራል። ክኒን ትሪ ላይ ይዘረግፉና በቢላ ጫፍ አምስት አምስት እያደረጉ ይቆጥራሉ። ካገለገሉ ቅጾች ፖስታ ያጥፋሉ፤ በላዩ ላይ የበሽተኛውን ስም በትልቁ ይጽፋሉ። ማንበብ ለማይችል ሰው ፀሐይና ጨረቃ ይስሉለታል፤ በፀሐይዋ ሥር ሁለት ነጥብ ካለ ቀን ሁለት ክኒን ማለት ነው። ሰልፉ ግቢው ውስጥ እስካለው ማንጎ ዛፍ ድረስ ተዘርግቶ እሳቸው የጨረቃዋን ቀንድ ያስተካክላሉ። እኔ ከኋላ ቆሜ አንጀቴ ይቃጠላል።

ሁለት ነገር በፍጹም አያልፉም ነበር። አንደኛው ዋጋ ነው። ሰውየው እጁን ወደ ኪሱ ሳይሰድ ዋጋውን ቀድመው ይናገራሉ። «ሰው ዋጋ መጠየቅ ያፍራል» አሉኝ አንድ ቀን፣ አጠር አጠር ባለው አማርኛቸው። «ሰልፍ ፊት ብር ሲጎድለው ደግሞ በጣም ያፍራል። ተመልሶ አይመጣም። አንቺ ቀድመሽ ንገሪ።» ሁለተኛው መድኃኒቱን ከሰጡ በኋላ ፖስታውን አለመልቀቃቸው ነው። አንዱን ጫፍ እሳቸው፣ አንዱን በሽተኛው ይዞ «አሁን አንተ ንገረኝ» ይላሉ። ሰውየው በትክክል እስኪደግም ድረስ ፖስታዋን አይለቁም።

«አቶ ኦሞድ፣ ሰውየው እሺ እኮ ብሏል! ለምን ያቆሙታል?» አልኳቸው፤ ወጣትነትም አይደል።

«እሺ ማለት አክብሮት ነው» አሉኝ። «ነጭ ጋዋን ያከብራል። ገባኝ ማለት አይደለም።»

እውነታቸውን ነው። እኛ አገር፣ አሁን ጋምቤላን ነው አገሬ የምለው፣ አማርኛ ለብዙው ሰው ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው ነው። ትልቅ ሰው ሲናገር እሺ ይባላል፤ የገባውም ያልገባውም እሺ ይላል። ይህንን በቃሌ ያዝኩት እንጂ በልቤ አልያዝኩትም ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ኢታንግ ጤና ጣቢያ ተዛወርኩ፤ ከዚያ ጀዊ የስደተኞች መጠለያ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ክሊኒክ ሠራሁ፤ ደመወዙ ደህና ስለነበር ቤቴን ቆርቆሮ ያለበስኩት ያኔ ነው። በመጨረሻም ወደ ሆስፒታሉ ተመልሼ አቶ ኦሞድ ይቀመጡበት በነበረው ወንበር ላይ ተቀምጬ ጡረታ ወጣሁ።

ወደ መጽሐፉ ልመለስ። ገበያው አጠገብ ስልክ የምትጠግን፣ ካርድ የምትሸጥ አሪየት የምትባል ሴት አለች። ሁለት ልጆች አሏት፤ ሁለቱንም በመስኮቴ አሳክሜያቸዋለሁ። ማስታወቂያ የምለቅበት የስልክ ቻናል ከፈተችልኝ፣ ፋይሉንም አዘጋጀችልኝ። ውጭ አገር ባሉት የመጽሐፍ መሸጫዎች ልናወጣው ብንሞክር የማናውቀውን ዓይነት የባንክ ካርድ ጠየቁን፤ ተውነው። ገዢው በስልኩ ይከፍላል፣ እኔ ፋይሉን እልካለሁ፤ አለቀ።

«ስንት እንበለው?» አለችኝ።

«ሦስት መቶ ብር።»

«ለምን ሦስት መቶ?»

«ሠላሳ ስድስት ዓመት የሠራሁበት እኮ ነው!»

«ሰው የሚገዛው መጽሐፍ ነው ወይስ ያንቺን ዕድሜ?» አለችኝ። ጋምቤላ ውስጥ አንቱታ ብዙ አይታወቅም፤ እኔም ድሮ ለምጄዋለሁ። በሐሳቤ ጸናሁ። ማስታወቂያው ላይ ደግሞ ሌላው ነጋዴ ሁሉ እንደሚያደርገው «ዋጋ በውስጥ መስመር» ብዬ ጻፍኩ። ዋጋ መደበቅ የዘመኑ ሥልጣኔ መስሎኝ!

ስልሳ የሚሆን ሰው አውራ ጣት ላከልኝ። «እሺ ዶክተር»፣ «እሺ እማማ»፣ «እሺ በርቺ» እያለ የሚጽፈው ሌላ ነው። እኛ ጋ መድኃኒት የሚሰጥ ሁሉ ዶክተር ነው። ልቤ ጮቤ ረገጠ። ለታደሰ ፍሪጅ እንደምንገዛ ነገርኩት። በሳምንቱ ሁለት ሰው ገዛ፤ አንዷ መቱ ያለችው እህቴ፣ ሌላው ታደሰ ራሱ። እሱም ቅናሽ ጠይቆ ነው የገዛው!

አሪየት የምትጠግነውን ስልክ አስቀምጣ እስኪደክማት ሳቀች። «ማዘር፣ እሺ ያለሽ ሁሉ ገዢ መሰለሽ?» ስትለኝ ጆሮዬ ጋለ። አቶ ኦሞድ ቢሰሙ ምን ይሉኝ ነበር አልኩ በልቤ።

ተናድጄ ዋጋውን ሃያ ብር አደረግኩት። ያኔ ደግሞ አንድ የወረዳ ሠራተኛ ጻፈልኝ፦ «እትዬ ዘነበች፣ ምን ሆኖ ነው ከሦስት መቶ ወደ ሃያ የወረደው? የአገልግሎት ጊዜው ሊያልፍ ነው እንዴ?» ወይ ጉድ! የመድኃኒት ሰው እንዲህ ሲባል ምን እንደሚሰማው አስቡት። ሃያውንም ትቼ ለሦስት ቀን በነጻ ለቀቅኩት። ብዙ ሰው ወሰደ። ከወሰዱት ውስጥ የማውቃቸውን አምስት ሴቶች መንገድ ላይ እያስቆምኩ «እስኪ አሥረኛው ገጽ ምን ይላል?» ብዬ ጠየቅኩ። አምስቱም በሳቅ አመለጡኝ፤ አንዷም የከፈተች አልነበረችም። በነጻ የወሰዱት ነገር ስልካቸው ውስጥ ተኝቷል።

ከዚህ በኋላ ነው እልህ ትቼ እንደ ሙያ የያዝኩት። መጀመሪያ ዋጋ። የአንድ ምሳና የአንድ ለስላሳ ያህል ይሁን ተባብለን መቶ ሃያ ብር ላይ ቆምን፤ ከማስታወቂያው የመጀመሪያው መስመር ላይም ጻፍነው። ቀጥሎ ሽፋኑ። የኔ ፎቶ ነበር፣ ከአበባ ጋር። አሪየት ስልኩን በእጇ ርዝመት ያህል አራቀችና «ፊትሽ ያምራል፣ ግን መጽሐፉ ስለ ሠርግ ይመስላል» አለችኝ። አበባውም እኔም ወጣን፤ አንድ የሽሮፕ ጠርሙስና አንድ ማንኪያ ገባ፣ ጽሑፉም ከሩቅ የሚታይ ሆነ። ፋይሉ ከባድ ስለነበር ኔትወርክ ደከም ሲል አይወርድም፤ ግማሹን ፎቶ አወጣነው። የምንለቅበትን ሰዓትም መረጥን። ጋምቤላ ውስጥ እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ ሲከብድ ቢሮ ይዘጋል፤ ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ጋደም ብሎ ስልኩን ይነካካል። ያ ሰዓት የኛ ሆነ። ሳምንቱ ደግሞ ደመወዝ የሚወጣበት።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። አንዲት የመዘምራን አባል ገዝታ መጽሐፉን ለመላው ጓደኞቿ አዳረሰችው። በንዴት ልጽፍላት ስል ያ የመድኃኒት ፖስታ ትዝ አለኝ፣ ስም በትልቁ የሚጻፍበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእያንዳንዱ ገዢ የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ይህ መጽሐፍ የወይዘሮ እገሌ ነው» ብዬ እየጻፍኩ መላክ ጀመርኩ። ስሙ ያለበትን መጽሐፍ ማንም ዝም ብሎ አይበትንም። እንዲያውም ስማቸውን ለማየት ሲሉ የገዙ አሉ። መዘምራኑም አፍረው መጡና «እኛም ስም ይጻፍልን» አሉ፤ አሥራ ሁለት ስለሆኑ በቡድን ዋጋ ጨረስን።

እንዲህ እንዲህ እያለ በወር አሥርም አሥራ አምስትም መሸጥ ጀመረ። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ግን ገዢዎቹን ሳይ ነርሶች፣ መምህራን፣ የቢሮ ሰዎች ናቸው። እኔ የጻፍኩት ለእናቶች ነበር። ሕፃን አዝላ፣ ሽሮፕ ይዛ፣ ግራ ገብቷት ከመስኮቱ ለምትመለሰው። እሷ ዘንድ ካልደረሰ ፍሪጅ ቢገዛስ ምን ያደርግልኛል?

«ናሙናሽ ደረቅ ነው» አለችኝ አሪየት። በነጻ እንዲነበብ ያወጣነው ምዕራፍ አንድን ነበር፣ ስለ ማቀዝቀዣ ሙቀት መጠን። «ፍሪጅ የሌላት ሴት ይሄን ምን ታደርገዋለች? ደግሞ መጽሐፉ ውስጥ የሚሳሳተው ሁልጊዜ በሽተኛ ነው። አንቺ ተሳስተሽ አታውቂም?»

ቤቴ ሄጄ ለሁለት ቀን ባዶ ገጽ እየከፈትኩ ዘጋሁ። በሦስተኛው ቀን የኢታንጉን ነገር ጻፍኩት።

ኢታንግ በደረስኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ወባ በበረታበት ወቅት፣ ሰልፉ ከግቢ ወጥቶ መንገድ ላይ ደርሶ ነበር። አንዲት ኑዌር እናት ሁለት ዓመት የማይሞላት ልጅ አዝላ መጣች። የወባ ሽሮፕ ሰጠኋት። በትንሽ ማንኪያ፣ በቀን ሦስቴ አልኳት። እሺ ብላ ሄደች። ጠርሙሱን ይዤ «አሁን አንቺ ንገሪኝ» አላልኳትም፤ አቶ ኦሞድ የሉ፣ ሰልፉ ረጅም፣ እኔ ፈጣን። እናትየዋ በወጥ ማንኪያ ሰጠቻት። ልጅቷን በማግስቱ ዝልፍልፍ ብላ አመጧት። አራት ቀን ከአልጋዋ አልተለየሁም፤ ያልጸለይኩት ጸሎት፣ ያልጠራሁት ታቦት የለም። ተረፈች። አንድ ጆሮዋ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። እኔም ከዚያ በኋላ አንድም ቀን፣ አንድም ሰው፣ ሳላስደግም አልሸኘሁም።

ይኸው ነው የጻፍኩት። ስም አልጠራሁም። አሪየት አንብባ ዓይኗን ጠረገችና «ይሄ ነው ናሙናው» አለች። ለቀቅነው። ጉድ ፈላ! ሰው ለሰው ተቀባበለው፤ በየቤተ ክርስቲያኑ የሴቶች ግሩፕ ተነበበ፣ በድምፅ እየተተረጎመ ተላከ። በዚያ ሳምንት ከዚያ በፊት በሙሉ ከሸጥኩት በላይ ሸጥኩ፤ ገዢዎቹም እናቶች ነበሩ። ስማቸውን እየጻፍኩ ጣቴ ዛለ።

በሳምንቱ አንድ የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። የሴት ድምፅ ነው፤ ረጋ ያለ።

«ዶክተር፣ እኔ ኛቦል ነኝ። ኢታንግ። ልጄ አነበበችልኝ። ጆሮዋ የታመመው ልጄ። ጥሩ ጽፈሻል። ግን አንድ ውሸት አለ። እኔ እሺ ብዬ አልሄድኩም። ማንኪያ ጠየቅኩሽ። ትልቅ ነው፣ ትንሽ ነው ብዬ በእጄ አሳየሁሽ። አንቺ ‹ቀጣይ!› አልሽ።»

አምላኬ! እንደሰማሁት እጇ ታየኝ። በመስኮቱ በኩል የገባው እጅ፣ ጣቶቹ ጠበብ ሰፋ ሲሉ። እውነት ነው፤ ጠይቃኛለች። እኔ ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ «እሺ ብላ ሄደች» እያልኩ ለራሴ ስነግረው ኖሬ፣ ጥፋቴን ግማሹን ለእሷ አሸክሜ፣ እሱኑ ማስታወቂያ አድርጌ እየሸጥኩበት ነው። ሳላስፈቅዳት! መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ታደሰ ውኃ ይዞልኝ መጣ።

ቻናሉ ላይ «ሽያጭ ለጊዜው ቆሟል» ብዬ ጻፍኩ። አሪየት በሩጫ መጣች። «አብደሻል? በደመወዝ ሳምንት? ሰው አሁን ከቀዘቀዘ አይመለስም!»

«እሷ ካልፈቀደችልኝ አይሸጥም» አልኳት። «ከናካቴው ይቅር።» ስድስት ወር የጻፍኩት፣ ዓመት የለፋሁበት ነው። ግን ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ይዤ ኢታንግ ሄድኩ። ገበያ ውስጥ በቆሎና የደረቀ ዓሣ ትሸጣለች ብለውኝ ነበር። ሳያት አወቅኋት። እሷም አወቀችኝ፤ ነገር ግን አልተነሳችም። አጠገቧ ልጅዋ ቆማለች፣ ትልቅ ሴት ሆናለች፣ ወደ ግራ ጆሮዋ ዘንበል ብላ ትሰማለች።

«እህቴ፣ አጥፍቻለሁ» አልኳት። «ያኔም አጥፍቻለሁ፣ ስጽፈውም አጥፍቻለሁ። ጠይቀሽኛል፤ አልሰማሁሽም። መጽሐፉን ከገበያ አንሺው ካልሽ አሁኑኑ አነሳዋለሁ።»

ልጅዋ ወደ ኑዌር መለሰችላት። ኛቦል ዓሣዎቿን አገላበጠች።

«ስሜ ለምን የለም?» አለችኝ።

«እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው።»

«እኔ ምን አጠፋሁ? እኔ ጠይቄያለሁ። የምታፍሪው አንቺ ነሽ።» እንዲህ ስትል ሳቀች፣ ልጅዋም ሳቀች፤ እኔ እንባዬ እየወረደ እኔም ሳቅኩ። «ስሜን ጻፊ። ጥያቄዬን ጻፊ። ሌላ ሴት ስታነብ እኔም ልጠይቅ ትበል።»

እዚያው ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጬ በስልኬ አስተካከልኩት። «እሺ ብላ ሄደች» የሚለውን አጠፋሁና «ኛቦል የትኛው ማንኪያ ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔ ‹ቀጣይ!› አልኩ» ብዬ ጻፍኩ። የኢ-መጽሐፍ ደግነቱ ይኸው ነው፤ የታተመ ቢሆን ኖሮ ስህተቴ መደርደሪያ ላይ እንደተቀመጠ ይቀር ነበር። አነበብኩላት። ልጅዋ ተረጎመችላት። አንድ ቦታ ላይ አስቆመችኝ፤ ሕፃኗን አዝላ ሳይሆን አቅፋ ነበር። አስተካከልኩት። ከዚያ አዲሱን ቅጂ ለገዙት ሁሉ በነጻ ላክሁ፤ የእሷንም ስሟን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጽፌ በልጅዋ ስልክ ላክሁላት።

«ስንት ነው?» አለች።

«ላንቺማ እንዴት ብዬ...»

«ስንት ነው?»

«መቶ ሃያ።»

ከመቀነቷ ፈትታ መቶ ሃያ ብር እጄ ላይ አስቀመጠች። እምቢ ብል ዓይኗ አስፈራኝና ተቀበልኩ። ገና ከጆንያው ሳልነሳ ደግሞ አጠገቧ ጨው ወደምትሸጠው ሴትዮ ዞራ በኑዌር ለፈለፈች፤ ስልኩን ከልጅዋ ነጥቃ ስሟን አሳየቻት። ሴትዮዋ ተመለከተች፣ ወደ እኔ ዞረችና በአማርኛ «መቶ ሃያ በዛ፤ ሰማንያ አድርጊልኝ» አለችኝ።

እኔ ይሉኝታ ይዞኝ አፌን ልከፍት ስል ኛቦል ቀደመችኝ።

«አይቀንስም» አለቻት።